ሃይማኖት ምንድን ነው? በሕይወታችንስ ምን ይሠራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በክፍል ውስጥ፣ በለቅሶ ቤት፣ በታክሲ ወረፋ ላይ ሳይቀር የሚነሡ ናቸው። መልሶቹ የማንንም እምነት ትክክል ወይም ስሕተት ለማለት አልተጻፉም፤ ያ የየእምነቱ መምህራን ሥራ ነው። እዚህ የተሞከረው ሃይማኖት የሚባለው ነገር በምን እንደሚታወቅና በሰው ኑሮ ላይ ምን እንደሚሠራ ማሳየት ነው።

ሃይማኖት በአጭሩ ምንድን ነው?

አጭር መልስ ያልሞከረ ምሁር የለም። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1871 ሃይማኖት ማለት የማይታዩ መንፈሳዊ ኃይሎች መኖራቸውን ማመን ነው ብሎ ነገሩን ቋጨው። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1912 ጉዳዩን ከግለሰቡ ልብ አውጥቶ ወደ ማኅበሩ ወሰደው። ለእሱ ሃይማኖት ማለት አንዳንድ ነገሮችን ቅዱስ ብሎ ከተራው ነገር መለየት፣ በእነሱም ዙሪያ እምነትና ሥርዓት አቁሞ ሰዎችን አንድ ማኅበረሰብ ማድረግ ነው።

ከሁለቱ የዱርኬም ይሻላል ባይ ነኝ። ጎረቤታችሁ ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ወይም ስለ ቀደር (አስቀድሞ ስለተወሰነ ዕጣ) ምን እንደሚያስብ ላታውቁ ትችላላችሁ፤ እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅ ይሆናል። የሚጾምበትን ቀን፣ የማይበላውን ሥጋ፣ ዘመዶቹ የተቀበሩበትን ቦታ ግን ታውቃላችሁ። የሰውን ሃይማኖት የምናውቀው ከንግግሩ ይልቅ ከሌሎች ጋር ሆኖ ከሚያደርገው ነገር ነው።

አምላክ የሌለበት ሃይማኖት ይኖራል?

ይኖራል። በስሪላንካ፣ በታይላንድና በማያንማር በስፋት የሚታወቀው የቴራቫዳ ቡድሂዝም ዓለምን ፈጠረ የሚለው አንድ አምላክ የለውም። የሕንድ ጄይኖችም እንደዚያው። ሁለቱም ግን መነኮሳት፣ ገዳማት፣ የጾም ሥርዓትና የተቀደሱ ቦታዎች አሏቸው። የእኛ ጿሚ እስከ ተሲያት ታግሦ ሲበላ፣ የቴራቫዳ መነኩሴ ደግሞ ከቀትር በኋላ እህል አይቀምስም። የሚያምኑት ሌላ ነው፤ ሆድን መግዛቱ ግን ለሁለታችንም እንግዳ አይደለም።

እንዲህ ከሆነማ እግር ኳስም ሃይማኖት ነዋ!

የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ እየሳቁ ነው፤ ጥያቄው ግን ቁም ነገር አለው። ቡናና ጊዮርጊስ የሚጫወቱ ዕለት ስታዲየም የገባ ሰው ዜማውን፣ ቀለሙን፣ «የኛ» እና «የነሱ» መባባሉን ያውቃል። የዱርኬም መስፈርት ይህንንም ጠቅልሎ ሊያስገባ ስለሚችል ሰፍቷል ተብሎ ተተችቷል፤ ትችቱም ልክ ነው።

ልዩነቱ ክለቡ የሚተዋቸው ነገሮች ላይ ነው። ልጅ ሲወለድ ክርስትና አያነሣም፣ ኒካህ አያስርም፣ የሞተው ሰው ወዴት እንደሄደ አይነግርም። የተሸነፈ ቡድን ደጋፊ ሰኞ ጠዋት ሥራ ይገባል። ሃይማኖት ግን ሰኞን ራሱን የእኔ ነው ይላል።

የሰው ልጅ ሃይማኖት የጀመረው መቼ ነው?

ጸሎት አጥንት የለውም፤ ተቆፍሮ አይገኝም። ያለን ማስረጃ መቃብር ነው። እስራኤል ውስጥ ናዝሬት አጠገብ ባለው የቃፍዜህ ዋሻ 90,000 ዓመት ገደማና ከዚያም በላይ የሆናቸው መቃብሮች ተገኝተዋል። በአንደኛው የተቀበረው ልጅ ላይ የአጋዘን ቀንድ ተደርጎበታል፤ በዋሻው ውስጥ ቀይ አፈርም ነበር። ቀንዱን ያስቀመጡት ሰዎች ምን እያሉ እንዳስቀመጡት አይታወቅም፤ ሬሳን እንደ ማንኛውም ነገር አለመጣላቸው ግን ግልጽ ነው።

በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ያለው ጎቤክሊ ቴፔ ደግሞ ከ11,000 ዓመት በፊት ገደማ የተሠራ ነው። ቀበሮ፣ እባብና ጥንብ አንሣ የተቀረጹባቸው፣ አንዳንዶቹ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝሙ የድንጋይ ዓምዶች አሉት። ያቆሙት ሰዎች የዱር እህል እየለቀሙና እያደኑ የሚኖሩ እንጂ ገበሬዎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ቁፋሮውን የመራው ጀርመናዊው ክላውስ ሽሚት ከዚህ ተነሥቶ መቅደስ ከከተማ ቀድሟል ብሎ ተከራክሯል። በኋላ በዚያው ቦታ መኖሪያ ቤቶችም ስለተገኙ ክርክሩ አልተዘጋም። ያም ሆኖ ገና እርሻ ሳይያዝ ያን ያህል ድንጋይ ፈልፍሎ ለማቆም ብዙ ሰው መሰብሰብና መመገብ ነበረበት፤ ይህን ማንም አይክድም።

በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ በትክክል ምን ይሠራል?

መጀመሪያ ጊዜን ይሰፍራል። «ብሩን ለማርያም እሰጥሃለሁ» ያለ ሰው ወር በገባ በ21 ማለቱ ነው። ሚካኤል በ12፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔዓለም በ27 ይውላል። ጽዋ ማኅበርተኛው የሚሰበሰብበትን ቀን በወረቀት ሳይጽፍ የሚያውቀው ለዚህ ነው። ሐረር ወይም ጅማ «ከመግሪብ በኋላ እንገናኝ» የተባለ ሰው ሰዓት ማየት አያስፈልገውም፤ አዛኑ ይነግረዋል። ስብሰባን ለጁምዓ ሰዓት የሚቀጥር አለቃ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ቢሆን አይገረም።

ቀጥሎ ወጥ ቤት ይገባል። የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። በዋዜማው ቅበላ ተብሎ ሥጋ ቤቱ ይጨናነቃል፤ በማግስቱ ብዙው ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ ሠራተኛውም አገር ቤት ይሄዳል። ላም ግን ጾም አታውቅም። ወተቷ በየቀኑ ይታለባል፣ ገዢው ይጠፋል፣ ዋጋው ይወርዳል፤ ትንንሽ የወተት ድርጅቶች በዓመት ውስጥ ከባዱ ወቅታችን የሚሉት ይህንኑ ነው። ሽሮና ምስር በአንጻሩ ይወደዳል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ከሰዓት በኋላ መንገድ ዳር ሳምቡሳ የሚጠብስ ይበዛል፣ ተምር በየሱቁ ደጃፍ ይደረደራል። ኢኮኖሚስቶች የገበያ ትንበያ ሲሠሩ የጾም መግቢያን ካላዩ ምን እንደሚያዩ አይገባኝም።

ከሁሉ ጠንክሮ የሚታየው ግን ሞት ሲመጣ ነው። ሰው ባረፈ ሰዓት ቤተሰቡ ማሰብ አይችልም፤ ሥርዓቱ ያስብለታል። ክርስቲያኑ ፍታት አለው፣ ሠልስት አለው፣ አርባ አለው፣ ተዝካር አለው። ሙስሊሙ ሬሳው ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ሰላተል ጀናዛ ተሰግዶበት ቢቻል በዕለቱ ይቀበራል። ማን ይጠራ፣ ማን ይቁም፣ ምን ይባል የሚለው ሁሉ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ሐዘንተኛው ማልቀስ ብቻ ይቀረዋል።

እዚህ ላይ እድርን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። እድር ሃይማኖታዊ ተቋም አይደለም፤ በብዙ ሰፈር ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም በአንድ መዝገብ ላይ ነው ያለው። ድንኳኑ ያው፣ አግዳሚው ያው፣ የቀረ የሚቀጣው ቅጣትም ያው ነው። ቀብሩ ላይ ግን አንድ ነገር ታያላችሁ። ክርስቲያን ሲሞት የሙስሊም ጎረቤቶቹ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ድረስ ይሸኙና ብዙዎቹ በር ላይ ይቆማሉ። ፍታቱ እስኪያልቅ በዚያው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ለቅሶ ቤት ከሌላው ጋር እኩል ይቀመጣሉ። ሃይማኖት የሚለያየውንም የሚያገናኘውንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ማየት የፈለገ ሰው ሰፈር ቀብር ይሂድ።

ወሎ ሠርግ ላይ ለምን ሁለት ድግስ ይዘጋጃል?

በእርዱ ምክንያት። ደጋሹ ከአንድ ገበያ ሁለት ሰንጋ ይገዛል። አንዱን ክርስቲያን በስመ አብ ብሎ ያርዳል፤ ሌላውን ደግሞ ሙስሊም አራጅ ወደ ቂብላ አዙሮ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። ከዚያ በኋላ ቢላው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ወጥ ሠሪዋም ጭምር ይለያያሉ። አስተናጋጁ ሳህን ይዞ ሲመጣ የማን እንደሆነ ሳይናገር አያቀርብም። ደጋሹ ክርስቲያን ከሆነ የሙስሊሞቹን ወገን ለሙስሊም ጎረቤቱ ሙሉ በሙሉ ያስረክባል፤ የራሱን እጅ አያስገባም። ይህ ነው ክብሩ።

የሚገርመው ልማዱ ከመጻሕፍቱ ይልቅ ጥብቅ መሆኑ ነው። ቁርኣን በአል ማኢዳህ ምዕራፍ የመጽሐፉ ባለቤቶች (የአይሁድና የክርስቲያኖች) ምግብ የተፈቀደ እንደሆነ ይናገራል። በእምነት የቅርብ ዘመዶቻችን የሆኑት የግብፅ ኮፕቶችም በሙስሊም የታረደን እንደኛ አይለዩም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሥጋው መታወቂያ ሆኗል፤ «የማንን ሥጋ ትበላለህ?» ማለት «ማን ነህ?» ማለት ነው። በሌላ በኩል አማቾቹ ከሁለት ሃይማኖት የሆኑበት፣ አንዱ ወንድም ሙሐመድ ሌላው ገብሬ የሚባልበት ቤት የሚበዛውም እዚያው ወሎ ውስጥ ነው። ድስት መለየት አብሮ ለመኖር የተገኘ መላ ይመስለኛል። ማንም ማንንም ሳያስቀይም አንድ ዳስ ውስጥ ይውላል።

ሰው ወደ ሃይማኖት የሚሄደው ፈርቶ ነው?

በከፊል። አንትሮፖሎጂስቱ ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዓመታት በፓስፊክ ውቅያኖስ ትሮብሪያንድ ደሴቶች ሲኖር ያስተዋለው ነገር አለ። ሰዎቹ በተከለለው ጸጥተኛ ውሃ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ ምንም ዓይነት የአስማት ሥርዓት አይፈጽሙም። አደጋ ወዳለበት ሰፊው ባሕር ሲወጡ ግን ያለ ሥርዓቱ ንቅንቅ አይሉም። ሞያው የማይደርስበት ቦታ ሲጀምር ጸሎቱም ይጀምራል። ዝናብ ሲቀር ምህላ የሚታወጀውና ሙስሊሙ ሜዳ ወጥቶ ለዝናብ የሚሰግደው በዚሁ ድንበር ላይ ነው።

ፍርሃት ብቻውን ግን ጥምቀትን አያስረዳም። ጃንሜዳ ላይ ሎሚ የሚወረውር ጎረምሳ ምን ፈርቶ ነው? መውሊድ ላይ መንዙማ እየተቀባበለ የሚያድረውስ? ኢሬቻ ደግሞ ክረምቱን በሰላም አሻገርከን ተብሎ ለምስጋና የሚወጣበት በዓል ነው። ሃይማኖትን በፍርሃት ብቻ የሚተነትን ሰው በዓል ቀን ከቤቱ የማይወጣ ይመስለኛል።

ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1844 የጻፈው «ሃይማኖት የሕዝብ ኦፒየም ነው» የሚለው አባባልም ብዙ ጊዜ ተቆርጦ ነው የሚጠቀሰው። እዚያው ላይ የተጨቆነው ፍጡር ሲቃ፣ ልብ የሌለው ዓለም ልብ ብሎታል። በዚያ ዘመን ኦፒየም የሕመም ማስታገሻም ነበር። ነቀፋው እንዳለ ነው፤ ሕመሙ ግን የውሸት ነው አላለም።

አድባር፣ ዛር፣ ጨሌ ሃይማኖት ናቸው?

ግንቦት 1 ቀን ማለዳ በአንዳንድ ሰፈሮች ሴቶች ከዛፍ ሥር ወይም ከግቢ ደጃፍ ተሰብስበው ንፍሮ ያቀርባሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ቡና ያፈላሉ። ዕለቱ ልደታ ለማርያም ነው። ግን ሥርዓቱ ውስጥ አድባርም አለ፣ ምርቃትም አለ፣ ሙስሊም ጎረቤትም አለች። ከእነሱ አንዷን ሃይማኖትሽ ምንድን ነው ብትሏት ኦርቶዶክስ ወይም እስልምና ትላለች እንጂ አድባር አትልም። ካህኑም ሼኩም ይህን ይነቅፋሉ፤ እሷ ግን ከሁለቱም ጋር ተጣልታ አታውቅም። እንዲህ ያለውን ራሱን የቻለ ሃይማኖት ከማለት በሃይማኖት ውስጥ የሚኖር አሮጌ ልማድ ማለቱ ይቀላል።

የኦሮሞ ዋቄፈና ግን ሌላ ነው። አንድ ዋቃ አለው፣ የራሱ የምስጋናና የጸሎት ሥርዓት አለው፣ ቢሾፍቱ እንደ ሆራ አርሰዲ ያለ የተከበረ ቦታ አለው፣ ራሴን በዚህ እጠራለሁ የሚል ተከታይም አለው። እሱን «ባህል ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ሚዛናዊ ግን አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ባህላዊ እምነት ተከታይ ተብለው የተመዘገቡት 2.6 በመቶ ነበሩ። በዚያው ቆጠራ ኦርቶዶክስ 43.5፣ ሙስሊም 33.9፣ ፕሮቴስታንት 18.6 በመቶ ነው።

አንድ ነገር ሃይማኖት መሆኑን ወይም አንድ ሰው የዚያ ሃይማኖት መሆኑን ማን ይወስናል?

ወረቀት ላይ መንግሥት፣ ቤተ አምልኮ ውስጥ የሃይማኖት አባቶች፣ ልብ ውስጥ ሰውየው። ሦስቱ ካልተስማሙ ዋጋ የሚከፍለው ሰውየው ነው።

የቤተ እስራኤልን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ ታሪክ ተመልከቱ። ጎንደር ዙሪያና በሌሎችም ቦታዎች ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ፣ ሰንበትን አጥብቀው እየጠበቁ፣ በራሳቸው ቄሶች እየተመሩ ለዘመናት ኖሩ። ታልሙድን፣ የረቢዎችን የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ፣ አያውቁትም ነበር። በሃይማኖታቸው ምክንያት ርስት ተነፍገዋል፣ ስም ወጥቶላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የእስራኤል የሴፋርዲ ዋና ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ አይሁድ መሆናቸውን አወጁ። ከ1984 መጨረሻ ጀምሮ በሙሴ ዘመቻ በሱዳን በኩል ሺዎች ወደ እስራኤል ገቡ። እዚያ ሲደርሱ ግን የረቢዎቹ ምክር ቤት ከማጋባቱ በፊት በውሃ ውስጥ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ጠየቀ። በበረሃ ልጅ ቀብሮ ለመጣ ሰው ይህ «አይሁድነትህን አላመንኩህም» እንደማለት ነበርና በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ቄሶቻቸው በአዲሱ አገር የቀድሞ ሥልጣናቸውን ለማስከበር ብዙ ታግለዋል። ሲግድ የተባለው በዓላቸው ብሔራዊ በዓል ሆኖ በሕግ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

ኢንዶኔዥያም መታየት ያለባት ናት። መንግሥት በይፋ የሚያውቀው ስድስት ሃይማኖት ነው፤ የዜጋው መታወቂያ ላይም ሃይማኖት ይጻፋል። የየደሴቱን ነባር እምነት የሚከተሉ ሰዎች ያንን በመታወቂያቸው ማስመዝገብ እንዲችሉ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የወሰነው ገና በ2017 እ.ኤ.አ. ነው።

ሃይማኖት የጦርነት ምንጭ አይደለምን?

ሆኖ ያውቃል። ዓፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አውጀው አገሩን ሁሉ ወደዚያ ለመሳብ ሲሞክሩ አገር በደም ታጠበ፤ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በ1870 ዓ.ም. ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ባደረጉት ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ተወሰነ። እምቢ ያለው ተሰደደ ወይም ተዋጋ። የወሎው ገዢ ኢማም ሙሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረቡባቸው ክሶች ዋናው ሰለሙ የሚል ነበር።

ከእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ሃይማኖቱን ብቻ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። ሱስንዮስ የፖርቱጋልን ድጋፍ ይፈልጉ ነበር፤ ዮሐንስ ግብፅን እያዩ የአገር አንድነትን በአንድ እምነት ማጥበቅ ፈለጉ። «ታዲያ ፖለቲካው ነው እንጂ ሃይማኖቱ ንጹሕ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ግን አያጠግበኝም። መሬት ለመቀማት የወጣ ጦር መሬቱን ሲያገኝ ይቆማል፤ ነፍስ ለማዳን የወጣ ጦር የት እንደሚቆም አያውቅም።

ጸበል የገባ ሰው መድኃኒት መውሰድ ይችላል?

አዎ። እንጦጦ ላይ በኤች አይ ቪ የተያዙ ብዙ ሰዎች መድኃኒታቸውን አቋርጠው ጸበል ይጠመቁ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ በአደባባይ ተናግረዋል። መድኃኒት አቋርጡ የሚል አጥማቂ ወይም ፈዋሽ ካጋጠማችሁ፣ የየትኛውም ሃይማኖት ቢሆን፣ ከሐኪማችሁ ጋር ሳትነጋገሩ አትስሙት።

ያለ ሃይማኖት መልካም ሰው መሆን ይቻላል?

ይቻላል። ዴንማርክና ስዊድን ውስጥ አዘውትሮ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ጥቂት ነው፤ ጎዳና ላይ ግን ሰው አይበላላም። በጣም ሃይማኖተኛ ሆኖ ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴም ሁላችንም እናውቃለን። ሃይማኖት ለመልካምነት የሚጨምረው ልማድና የሚጠይቅ ሰው ነው፦ የንስሐ አባት፣ የጀመዓ ጓደኛ፣ «እሑድ አላየሁህም» የሚል የጸሎት ቡድን መሪ። ይህ የሌለው ሰው ለራሱ ሌላ ጠያቂ ማግኘት ይኖርበታል።

መንግሥት ሃይማኖትን ማጥፋት ይችላል?

ደርግ ሞክሮታል። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. አውርዶ አሰረ፣ በ1971 ገደለ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም የተገደሉት በዚያው ዓመት ነው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። አባላቷ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው ድምፅ ዝቅ አድርገው መጸለይ ያዙ። ሥርዓቱ ሲወድቅ ወጥተው ሲቆጠሩ ከተዘጋችበት ጊዜ ይልቅ ብዙ እጥፍ ሆነው ተገኙ።

እዚያው ላይ ደግሞ አንድ የታሪክ ቀልድ አለ። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ከብዙ ክርስቲያን ደጋፊዎቻቸው ጋር ለእኩልነት አደባባይ ወጡ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በዓሎቻቸው በይፋ እንዲታወቁ ነበር። ዒድ አልፈጥርን፣ ዒድ አልአድሐንና መውሊድን የአገሪቱ በዓላት ያደረገው ያው ፈጣሪ የለም ብሎ ያስተማረው መንግሥት ነው።

ሃይማኖት በዓለም ላይ እየጠፋ ነው?

እንደየአገሩ ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2020 ከዓለም ሕዝብ ሦስት አራተኛው እጅ ያህል ራሱን በአንድ ሃይማኖት እንደሚጠራ ገምቷል፤ ሃይማኖት የለኝም የሚለው ቀሪው ሩብ ገደማ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ጨምሯል። ማዕከሉ በ2017 ስለ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ባወጣው ጥናት ሃይማኖት በሕይወቴ እጅግ አስፈላጊ ነው ያሉት በኢትዮጵያ 98፣ በሩሲያ 15 በመቶ ናቸው። ሁለቱም ኦርቶዶክስ፣ ሁለቱም በኮሚኒስት መንግሥት ውስጥ ያለፉ ናቸው። የሩሲያው ግን 70 ዓመት ገደማ ቆየ፣ የኛው 17። አያት ለልጅ ልጅ ጾም ማስተማር ያቋረጠችበትና ያላቋረጠችበት ልዩነት ነው።

በስደት ሃይማኖት ይጠነክራል ወይስ ይላላል?

አዲስ ሥራ ይጨመርበታል። ዋሽንግተንና አካባቢው ያለ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ብዙውን ጊዜ በኪራይ የአሜሪካውያን አዳራሽ ነው የጀመረው። ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት ውስጥ ልጆች ሀ ሁ ይቆጥራሉ፣ ሥራ የሚፈልግ ሥራ ይጠይቃል፣ ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ይዋጣል። አገር ቤት ለእድር፣ ለቀበሌና ለትምህርት ቤት ተከፋፍሎ የነበረው ሁሉ አንድ ጣሪያ ሥር ይገባል። የአገር ቤት ጠብም አብሮ ይገባል፤ ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ በኖረባቸው ዓመታት፣ እስከ 2010 ዓ.ም. ዕርቅ ድረስ፣ ማን በቅዳሴ ላይ የማንን ስም ይጥራ የሚለው አንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ወንድማማቾችን አለያይቷል።

ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ቀኑ ራሱ ተቀይሯል። ዕረፍቱ ዓርብ በሆነበት አገር የቤት ሠራተኛዋ ለቅዳሴ የምትደርሰው ዓርብ ስለሆነ አብያተ ክርስቲያናቱ በዓርብ ይቀድሳሉ። ሳዑዲ ውስጥ ይህም የለም፤ እዚያ ያለች ክርስቲያን በስልኳ ቅዳሴ ታዳምጣለች። ሙስሊም እህቷ ደግሞ መካን አይታ ትመለሳለች።

ሃይማኖት መቀየር በሕግ ይፈቀዳል?

በኢትዮጵያ ይፈቀዳል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ መብት እንዳለው፣ ማንንም በኃይል ማስገደድ እንደማይቻል ይደነግጋል፤ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል። ፍርድ ቤት መሄድም፣ መታወቂያ ማስለወጥም አያስፈልግም።

የሚከብደው ሌላው ነው። የቀየረው ሰው ከጽዋው ይወጣል፣ የበዓል ሥጋ አብሮ መብላቱ ያጠያይቃል፣ እናቱ ታለቅሳለች። ገጠር ውስጥ ደግሞ የቀብር ቦታ ጉዳይ አለ። የመቃብሩ ስፍራ የአንድ ሃይማኖት ብቻ በሆነባቸው ቦታዎች ሬሳ ይዞ የሚንከራተት ቤተሰብ ታይቷል፣ ጠቡም ወረዳ ድረስ ደርሷል። ስለዚህ ሃይማኖታቸውን ሊቀይሩ ያሰቡ ሰዎች ምክር ሲጠይቁኝ ስለ ትምህርቱ መምህራኑን ጠይቁ እላለሁ፤ ቀብር የት እንደሚፈጸምና እድሩ ምን እንደሚል ግን ዛሬውኑ፣ በጤና እያሉ፣ ለእድሩ ዳኛና ለአዲሱ ማኅበረ ምእመናን አቅርቡ።